የመከራ ልጅነት ትውስታን ማንበብ፦ «አንጄላስ አሽስ»ን ይዞ ደረጃ በደረጃ

እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ሲነበብ ሁለት ነገር ደጋግሞ ይበላሻል። አንዱ አንባቢ በሁለት ሌሊት ውጦ ይጨርሰውና «እንዴት አገኘኸው?» ሲባል «ውይ፣ አንጀት ይበላል!» ከማለት ሌላ የሚናገረው ያጣል። ሌላው ገና መቶ ገጽ ሳይሞላ፣ ሕፃን ሲሞት፣ መጽሐፉን ከድኖ ከመደርደሪያው ጀርባ ይሸጉጠዋል። ሁለቱም ያለ ዝግጅት ነው የገቡት። እንባው በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ማንም አያስቀረውም። ሥራ የሚፈልገው ከእንባው ጀርባ ያለውን ማየት ነው፦ ድህነት በአንድ ቤት ውስጥ ቀን በቀን እንዴት እንደሚሠራ፣ ልጁ ምን እንዳየና ምን እንዳልገባው፣ ሽምግልና ላይ ሆኖ የጻፈው ሰው ደግሞ ምኑን ሳይናገር እንዳለፈው።

ለዚህ መመሪያ አንድ መጽሐፍ መርጠናል፤ የፍራንክ ማኮርት «አንጄላስ አሽስ»፣ በአማርኛ ቢባል «የአንጄላ አመድ»። ማኮርት የተወለደው ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ነሐሴ 1930 እ.ኤ.አ. ነው። ወላጆቹ አየርላንዳውያን ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ አየርላንድ ተመልሶ ሊመሪክ ከተማ ገባ፤ ልጁ በ1949 በ19 ዓመቱ ብቻውን ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ሠላሳ ዓመት ገደማ በኒውዮርክ ትምህርት ቤቶች ካስተማረ በኋላ መጽሐፉን በ1996 ሲያሳትም 66 ዓመቱ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ስልቱን ለሌላ ተመሳሳይ መጽሐፍ ማዋል ይቻላል፤ በአንድ ሥራ ላይ ሲታይ ግን ይበልጥ ይጨበጣል።

የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፦ መጽሐፉ፣ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ሁለት ቀለም ያለው እርሳስ (ቀይና ሰማያዊ ይበቃል)፣ ተለጣፊ ወረቀት፣ ሦስት ሳምንት። መጽሐፉ የውሰት ከሆነ እርሳሱን ይተዉት፤ በተለጣፊ ወረቀት ይሥሩ።

1. ከመክፈትዎ በፊት ውስጡ ያለውን ይወቁ

አንዳንዱ አንባቢ አስቀድሞ ማወቅ ታሪኩን ያበላሻል ብሎ ይፈራል። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ግን የሚያንጠለጥል ምስጢር የለም፤ ልጁ መትረፉ ከሽፋኑ ይታወቃል፣ ጻፈው እኮ። ስለዚህ ይህን ይዘው ይግቡ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ሦስት ሕፃናት ይሞታሉ። አንዲት እኅት ብሩክሊን ላይ፣ መንትያ ወንድማማቾች ሊመሪክ ላይ። ረሃብ አለ፣ የአባት መጠጥ አለ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ አለ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ የጉርምስና ጾታዊ ጉዳይ በግልጽ ተጽፏል። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ብቻውን እንዲያነበው መስጠት አንመክርም።

ከዚያ ራስዎን ይጠይቁ። በቅርብ ወራት ልጅ ወይም ወንድም እኅት የቀበረ ሰው መጽሐፉን ለሌላ ጊዜ ቢያቆየው ይሻላል። ቤቱ ውስጥ አሁንም የሚጠጣ ሰው ያለበት አንባቢ ደግሞ መጽሐፉን ከቤት ውጭ፣ በሥራ ቦታ ወይም በቤተ መጻሕፍት ቢያነበው ይቀለዋል።

2. የገጽ ልክ ይወስኑ

መጽሐፉ እንደ እትሙ ቢለያይም ወደ 360 ገጽ ይጠጋል። በቀን 20 ገጽ ቢይዙ በ18 ቀን ያልቃል፤ ሦስት የእረፍት ቀን ሲጨመርበት ሦስት ሳምንት ይሞላል። «በቀን አንድ ምዕራፍ» ማለት እዚህ አይሠራም፤ 19 ምዕራፎቹ እጅግ ይበላለጣሉ፣ የመጨረሻውማ አንድ ቃል ብቻ ነው። መንትዮቹ የሚሞቱበትን ክፍል ግን ከመሃል አይቁረጡት። ግማሹን አንብቦ ማደር ሙሉውን ከማንበብ ይከብዳል፤ አእምሮ የቀረውን በሌሊት ራሱ ይጨርሰዋልና። በዚያ ቀን 20ውን ወደ 35 ገጽ ያሳድጉና ማግሥቱን ይረፉ።

ሰዓቱ ቀን ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። መጽሐፉን ከዘጉ በኋላ ከመተኛትዎ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ ሌላ ነገር ይሥሩ፤ ቡና ያፍሉ፣ ሰው ያነጋግሩ። አልጋ ላይ ተኝቶ ማንበብ ለሌላ መጽሐፍ ደግ ነው፤ ለዚህ አይሆንም።

3. የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ለቤተሰቡ ይስጡ

አባትና ሁለተኛው ልጅ አንድ ስም አላቸው፤ ሁለቱም ማላኪ ይባላሉ። ይህን ሳይመዘግብ የገባ አንባቢ ሠላሳ ገጽ ሳይሄድ ይምታታበታል። እናት አንጄላ፣ የሊመሪክ ልጅ ናት። አባት ከሰሜን ነው፣ ከአንትሪም አውራጃ፣ ቱም ከምትባል መንደር። ልጆቹ በቅደም ተከተል ፍራንክ፣ ማላኪ፣ መንትዮቹ ኦሊቨርና ዩጂን፣ ማርጋሬት፣ ማይክል፣ አልፊ ናቸው። የሞተው ልጅ ስም አጠገብ መስመር ብቻ ይሳሉ፣ አይሰርዙት። በኋላ ሲያነቡ የሞቱት ልጆች በቤቱ ውስጥ ከሕያዋኑ ጋር እየኖሩ እንደሚቀጥሉ ያያሉ፤ እናቲቱ በእሳቱ ፊት ስትፈዝ ማንን እያየች እንደሆነ የሚታወቀው ስሞቹ ካልተሰረዙ ነው።

ከሥሩ የዕድሜ ሒሳብ ይጻፉ። መጽሐፉ ዓመተ ምሕረት እምብዛም አይጠቅስም፤ ልጅ ደግሞ በዓመት አይቆጥርም። ቀመሩ ቀላል ነው፦ የፈረንጆቹ ዓመት ሲቀነስ 1930። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ሲጀመር ልጁ 9 ነው፣ መርከብ ሲሳፈር 19። በእኛ አቆጣጠር ማሰብ ለሚቀለው፦ ልጁ የተወለደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከመጫናቸው ሁለት ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። አያቶቻችን በዚያው ዘመን ምን ይበሉ፣ በምን ይታመሙ እንደነበር የሰማ አንባቢ «አውሮፓ እንዲህ ነበር እንዴ?» ማለቱን ያቆምና ማንበብ ይጀምራል።

4. ገንዘቡን፣ ቦታውንና አነጋገሩን አስቀድመው ይፍቱ

ገንዘቡ የድሮው ነው። 12 ፔንስ አንድ ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ፤ ስለዚህ ፓውንዱ 240 ፔንስ ይሆናል። «ግማሽ ክራውን» የሚባለው ሳንቲም 2 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ነው። ወደ ብር ለመመንዘር አይሞክሩ፤ ከሰማንያ ዘጠና ዓመት በፊት የነበረን ገንዘብ በዛሬ ምንዛሪ መለካት ያሳስታል። ይልቁንም መጽሐፉ ራሱ ዋጋ ሲጠራ ደብተርዎ ላይ ይጻፉት፦ ዳቦ በስንት፣ ከሰል በስንት፣ የአባት አንድ ብርጭቆ ቢራ በስንት። አሥር መስመር ሲሞላ የራስዎ ዋጋ ዝርዝር አለዎት፤ ከዚያ በኋላ «ስድስት ፔንስ» ሲባል ሆድዎ ያውቀዋል።

ሊመሪክ በምዕራብ አየርላንድ በሻነን ወንዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። እርጥበቱ በመጽሐፉ ውስጥ እንደ አንድ ሰው ይመላለሳል፤ ሳሉ፣ ትኩሳቱ፣ የግድግዳው ጤዛ ሁሉ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ አንባቢ የሚያልፈው ደግሞ የአባትን አነጋገር ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አየርላንድ ለሁለት ተከፍላ ሰሜኑ ከብሪታንያ ጋር ቀርቷል። ይህ ሰው የሰሜን ቅላጼ ይዞ በደቡብ ከተማ ሥራ ሲለምን አሠሪው አፉን ሲከፍት ይጠረጥረዋል። ይህን ያልያዘ አንባቢ አባትየው ሥራ ያጣው በመጠጥ ብቻ ይመስለዋል፤ መጠጡ አለ፣ ግን ብቻውን አይደለም።

እንግሊዝኛው ከትምህርት ቤት የተማርነው አይደለም። «የእኔ» በሚባልበት ቦታ «ሚ» ሲል «ማይ» ማለቱ ነው፤ «ኢጂት» ጅል ነው፤ «ቲዝ» ማለት «ነው»፣ «እንዴታ» ማለት ነው፤ «ዶል» መንግሥት ለሥራ አጥ የሚሰጠው ሳምንታዊ ድጎማ ነው፤ «ኮንሳምፕሽን» ደግሞ ቲቢ። መዝገበ ቃላት በየመስመሩ አይክፈቱ። ደራሲው ራሱ ያነበበው የድምፅ ቅጂ አለ፤ ከመጀመርዎ በፊት 10 ደቂቃ ያዳምጡት። ዜማው አንዴ ጆሮ ከገባ ግማሹ ቃል ራሱ ይፈታል።

5. ድምፁ የማን እንደሆነ በየገጹ ይጠይቁ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና ጊዜ ይስጡት። መጽሐፉ የሚከፈተው በትልቅ ሰው ድምፅ ነው፤ ወደ ኋላ ዞሮ ስለ ወላጆቹ ይናገራል። ከጥቂት ገጾች በኋላ ሳይታሰብ ድምፁ ይለወጣል። ልጁ የሦስት ዓመት ሆኖ ብሩክሊን ውስጥ በአንድ የሕፃናት መጫወቻ ቦታ ወንድሙ ማላኪ ጋር ተቀምጧል፤ ሁሉም ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ ይነገራል። ያቺን ቦታ ሲያገኙ ተለጣፊ ወረቀት ይለጥፉባት። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ከመጋረጃ ጀርባ ገብቷል፤ ልጁ ሲያድግ ዓረፍተ ነገሩም አብሮት ያድጋል።

ደራሲው የንግግር ትእምርተ ጥቅስ አይጠቀምም። ማን እንደተናገረ ከጠፋዎ አንቀጹን ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ዓይን ያልለየውን ጆሮ ይለየዋል። አሁንም ካልተለየ የተናጋሪውን ስም የመጀመሪያ ፊደል በዳር በእርሳስ ይጻፉ።

ዋናው ልምምድ ይህ ነው። ደብተሩን በመስመር ለሁለት ይክፈሉ። በግራ «ልጁ ያየው»፣ በቀኝ «ልጁ ያላወቀው» ብለው ርእስ ይስጡ። በቀን ከአንድ ትዕይንት በላይ አይሥሩ። ለምሳሌ ቤተሰቡ ሊመሪክ ውስጥ የኖረበት የሮደን ሌን ቤት። የመንደሩ ሁሉ የጋራ መጸዳጃ ከደጃቸው ጋር ተጣብቋል፤ ክረምት ሲገባ ምድር ቤቱ በውሃ ይሞላና ቤተሰቡ ፎቅ ላይ ይሰበሰባል፤ ሞቅና ደረቅ ስለሆነ ፎቁን «ጣሊያን» ይሉታል። በግራ በኩል የሚጻፈው ጨዋታው ነው፦ ወደ ጣሊያን ወጣን። በቀኝ የሚጻፈው ለግማሽ ቤት ሙሉ ኪራይ መክፈላቸው፣ ከደጅ ያለው ፍሳሽ በሽታ ማምጣቱ፣ እናት በዚያ እርጥበት ውስጥ ነፍሰ ጡር መሆኗ ነው። ልጁ አንዱንም አላማረረም። ምሬቱ የሚመጣው ከቀኝ ዓምድ ነው፤ የሚጽፈው ደግሞ አንባቢው ነው። መጽሐፉ ልብ የሚነካው በዚህ መንገድ ነው፤ ሥራውን ለእርስዎ ይተውልዎታል።

ሌላ ምሳሌ፦ ኦሊቨር ከሞተ በኋላ መንታው ዩጂን በመስኮት እያየ ይፈልገዋል። ደራሲው አንድም የሐዘን ቃል አልጨመረም። እዚህ ላይ ቀኙን ዓምድ ባዶ ይተዉት። አንዳንድ ትዕይንት ላይ የሚጨመር የለም።

ሲያነቡ ይስቃሉ፤ አይፈሩ። በአንድ ገጽ ላይ ሞትና ቀልድ አብረው ይመጣሉ፣ አንዳንድ አንባቢም «በዚህ እንዴት እስቃለሁ?» ብሎ ራሱን ይገታል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ያውቀዋል፤ በሦስተኛው ቀን የሟችን ጨዋታ እያነሡ ጥርስ የማይከድኑ ሰዎች ሐዘናቸውን አላቃለሉም። የሳቁበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበትና በማግሥቱ ተመልሰው ያንብቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ እጅግ የከበደው ነገር የተቀመጠው እዚያው ሳቁ ሥር ነው።

6. በሰማያዊው እርሳስ የሚቆጠረውን ሁሉ ያስምሩ

ዳቦ፣ ሻይ፣ ጫማ፣ ከሰል፣ ገንዘብ፣ ቀን። ስሜት ያለበትን መስመር ሳይሆን ቁጥርና ዕቃ ያለበትን። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የማይረባ ይመስላል፤ በሁለተኛው የቤቱ ቀን መቁጠሪያ ይገለጣል። አባት ሥራ ባገኘ ጊዜ ዓርብ ደሞዝ ይወጣል። እናት ሰዓት እያየች ትጠብቃለች። ሰውየው ሌሊት እየዘፈነ ይገባል፣ ልጆቹን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ ለአየርላንድ ለመሞት ያስምላቸዋል። ቅዳሜ አርፍዶ ሥራ ይቀራል፣ ሥራው ይወሰዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ድጎማ። ይህን ዑደት በሰማያዊ መስመር አንድ ጊዜ ያየ ሰው «ለምን አይተወውም?» ከሚለው ጥያቄ አልፎ መጠጡ በየትኛው ቀን በየትኛው ሰዓት ቤቱን እንደሚመታ ያውቃል።

በጦርነቱ ጊዜ አባት እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ፣ የጥይት ፋብሪካ ሊሠራ ይሄዳል። ቅዳሜ የቴሌግራም አመላላሹ ልጅ የእያንዳንዱን ቤት ሐዋላ ይዞ በመንደሩ ይዞራል፤ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይጠብቃል። ለማኮርቶች አይመጣም። ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ በሚላክ ሐዋላ የኖረ ቤት ይህን ትዕይንት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ እርስዎ ከዚያ ቤት ከሆኑ በዚያ ቀን 20 ገጽ መሙላት ግዴታ አይደለም። ይህን ቦታ በተለጣፊ ወረቀት ይያዙት። ልጁ 14 ሲሞላው የቴሌግራም አመላላሽ ሆኖ ይቀጠራል፤ ያኔ ወደዚህ ገጽ ተመልሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብቡ።

7. አባትን በአንድ ቃል አይዝጉት

ልጁ አባቱን እንደ ሥላሴ ሦስት አድርጎ ያየዋል፦ ጠዋት ጋዜጣ የሚያነበው፣ ማታ ተረት የሚነግረውና ጸሎት የሚያስደግመው፣ ውስኪ ሸቶት የሚገባው። በደብተሩ ሦስት ዓምድ ያስምሩና አባት በታየ ቁጥር በአንዱ ያስገቡት። የአየርላንድ ጥንታዊ ተረት ጀግና የኩኹለን ታሪክ የሚነገርባት ምሽት ሁለተኛውን ዓምድ ትሞላለች። በሦስተኛው ሳምንት ከሦስቱ አንዱ ብቻ የሚረዝም ከሆነ ምናልባት በንዴት እያነበቡ ነው፤ ያመለጠዎትን ለመፈለግ ወደ ኋላ ሃምሳ ገጽ ይመለሱ።

አማርኛ እዚህ ላይ ጥሩ መለኪያ ይሰጠናል። ያነበቡትን ለቤተሰብ ወይም ለጓደኛ ሲተርኩ ስለ አባት «መጣ» ይላሉ ወይስ «መጡ»? እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ስለሆነ ምርጫውን ይደብቃል፤ አማርኛው ያስገድዳል። ብዙ ሰው በተረቱ ምሽት «አሉት» ብሎ ጀምሮ በዓርቡ ሌሊት ሳያስበው «አለው» ሲል ራሱን ይይዛል። አንቱታው የሚነሳበትን ገጽ ቁጥር ይመዝግቡ። ክብሩ ከእርስዎ ዘንድ የተነሳው መቼ ነው? ከልጁስ ዘንድ ተነስቶ ያውቃል? ሁለቱ ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ አይገጥሙም።

8. ገመናው ሲወጣ

የአማርኛ አንባቢ ከሁሉም ይልቅ የሚሰናከለው እዚህ ነው። እናት በቄሶች መኖሪያ ደጅ ለትርፍራፊ ምግብ ቆማ ልጇ ያያታል። በኋላም በዘመዷ ቤት ተጠግተው ሲኖሩ ጎልማሳ ልጅ ስለ እናቱ የማይናገረውን ነገር ይናገራል። «የእናቱን ገመና ለዓለም አወጣ» ብሎ መጽሐፉን የሚዘጋ አለ፤ ስሜቱ ክቡር ነው፣ በእኛ ቤት የጓዳ ነገር በጓዳ ይቀራል ተብለን ነው ያደግነው። ግን ከመፍረድዎ በፊት ሦስት ነገር ይመርምሩ።

መጀመሪያ፣ ጸሐፊው ራሱን ይምራል ወይ? ማኮርት አይምርም። መስረቁን ጽፏል፣ በ16 ዓመቱ ጠጥቶ ገብቶ እናቱን በጥፊ መምታቱንም ጽፏል። የሌላውን ገመና እያወጣ የራሱን የሚሸፍን ጸሐፊ ላይ ሊጠረጥሩ ይገባል።

ቀጥሎ፣ ጊዜው። እናቱ የሞተችው በ1981 ነው፤ መጽሐፉ የወጣው ከ15 ዓመት በኋላ።

ሦስተኛው ዋናው ነው፦ ያ ነገር ከመጽሐፉ ቢወጣ ምን ይጎድላል? ገጹን በወረቀት ሸፍነው ቀጣዩን ያንብቡ። ልጁ ከዚያ ቤት ለምን እንደሸሸ፣ ከእናቱ ጋር ለምን እንደተኳረፈ ካልገባዎ ያ ገጽ ለማዋረድ አልገባም። ያለ እርሱም ሁሉ የሚገባ ከሆነ ቅሬታዎ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ደብተሩ ላይ ይጻፉት።

9. እውነትነቱን እንዴት ይመዝኑ

ሰው ከሦስት ዓመት ተኩል ገደማ በፊት የሆነበትን በአብዛኛው አያስታውስም። ታዲያ የሦስት ዓመት ልጅ ሙሉ ምልልስ ከየት መጣ? ከቤተሰብ ወግና ከጸሐፊው ጥበብ። ይህ ውሸት አይደለም፤ የትውስታ መጽሐፍ አሠራር ነው። ስለዚህ ያነበቡትን በሦስት ደረጃ ይለዩ፦ ሊጣራ የሚችል (ከተማ፣ መንገድ፣ ሞት፣ ዓመት)፣ ተመልሶ የተሠራ (ምልልስ፣ የአየር ጠባይ፣ የሰው ልብስ)፣ እና የጸሐፊው ብቻ የሆነ (የተሰማው)። ክርክር የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ላይ ነው። «አንጄላስ አሽስ» ሲወጣ ሊመሪክ ውስጥ «ከተማችንን አጠለሸ፣ አጋነነ» ያሉ ነበሩ፣ «የኖርነው ይኸው ነው» ያሉም ነበሩ። ሁለቱንም ወገን መስማት መጽሐፉን አይጎዳውም።

ፈጽሞ የተፈጠረ የልጅነት ትውስታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ደርሶም ያውቃል። በ1995 ቢንያሚን ቪልኮሚርስኪ በሚል ስም የወጣ መጽሐፍ በናዚ ካምፕ ያለፈ ሕፃን ትውስታ ነኝ ብሎ ተከብሮ ነበር። ከ1998 ጀምሮ ሲጣራ ጸሐፊው ስዊዘርላንድ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሆኖ ተገኘ፤ አሳታሚው በ1999 ከገበያ ሰበሰበው። ስለዚህ አዲስ ትውስታ ሲገዙ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ አብሮ ያደገ ወንድም፣ ጎረቤት ወይም መዝገብ አለ ወይ? ማኮርት ወንድሞች ነበሩት፤ በአደባባይም ይናገሩ ነበር።

10. የራስዎ ልጅነት ሲነሳ

ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው። አንድን መስመር ሦስት ጊዜ አንብበው አይገባም፤ ደረት ይጠባል፤ እጅ ይቀዘቅዛል፤ ከገጹ ይልቅ የድሮ ቤትዎ ይታይዎታል። ያኔ «ልጨርሰው» አይበሉ። መጽሐፉን ዘግተው እግርዎን መሬት ላይ ያሳርፉና በዓይንዎ የሚያዩትን 5 ነገር፣ የሚነኩትን 4፣ የሚሰሙትን 3፣ የሚያሸቱትን 2፣ የሚቀምሱትን 1 በቃል ይጥሩ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። የሚሠራው አሁን ያሉበት ክፍል ያኔ የነበሩበት እንዳልሆነ ለሰውነት ስለሚነግር ነው። በዚያ ቀን ተመልሰው አያንብቡ።

ከዚያ በኋላ መጻፍ የሚረዳቸው አሉ፦ በቀን 15 ደቂቃ፣ ለአራት ተከታታይ ቀን፣ ለማንም የማይታይ። መጻፉ ይበልጥ ካባሰው ያቁሙ፤ አንዳንድ ቁስል ብቻውን አይከፈትም። እንቅልፍ ከሁለት ሳምንት በላይ ከጠፋ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። አሜሪካ ላለ ሰው 988፣ እንግሊዝና አየርላንድ 116 123፣ እስራኤል 1201 ይደወላል። ለንስሐ አባት ወይም ለኢማም መንገርም መልካም ነው፤ ከሐኪሙ ጎን ለጎን እንጂ በሐኪሙ ፈንታ አይሁን።

11. በቡድን ካነበቡት

ከ5 እስከ 7 ሰው፣ አራት ስብሰባ፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። ክፍፍሉ በሕይወቱ ይሁን፦ እስከ መንትዮቹ ሞት፤ እስከ ታይፎይዱ፤ አባት ሄዶ እስኪጠፋ፤ እስከ መርከቡ። የታይፎይዱ ክፍል ላይ ሰፋ ያለ ጊዜ ይያዙ። ልጁ በ10 ዓመቱ ሆስፒታል የሚተኛበት፣ ዲፍቴሪያ ከያዛት ልጅ ጋር በግድግዳ ማዶ ግጥም የሚለዋወጥበት፣ መጽሐፍ ምን እንደሆነ የሚያውቅበት ቦታ ነው፤ ለንባብ ቡድን ከዚህ የተሻለ ገጽ የለም።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ነው። አንዱ «ይሄማ ምን አላት፣ የእኛ ይብስ ነበር» ይላል፤ ሌላው ከዚያ የባሰ ያመጣል፤ መጽሐፉ ከጠረጴዛው ይወርዳል። መድኃኒቱ ደንብ ነው። የመጀመሪያውን 60 ደቂቃ ሰው ሁሉ ገጽ እየጠራ ብቻ ይናገር፤ የራስ ታሪክ በመጨረሻው 30 ደቂቃ፣ የፈለገ ብቻ። የተነገረው ከበር አይወጣም። የራሱን የተናገረ ሰው «አይዞህ» ወይም «አይዞሽ» ይበቃዋል፤ ምክር አይሰጠው፣ ጥያቄ አይደርደርበት። ያላለቀሰ ሰውም «ልበ ደንዳና» አይባል፤ ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው አንዳንዴ ሌላው ያላየውን ሁሉ አይቷል።

ጥያቄ ይዘው ይምጡ። «ምን ተሰማችሁ?» ከሚል ይልቅ «በዚህ ትዕይንት ምግብ ማን ዘንድ ነበር?»፣ «ልጁ ዋሽቶ የማያውቅበት ሰው ማን ነው?»፣ «እናት ዝም ያለችው የት የት ነው?» የሚሉት ሰውን ወደ ገጹ ይመልሳሉ።

12. የመጨረሻው ቃል ላይ ሲደርሱ

አሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ የሚያበቃው መርከቡ አሜሪካ ደርሶ በሚነሳ ጥያቄ ነው፤ አሥራ ዘጠነኛው ያንኑ የሚመልስ አንድ ቃል ነው። ያንን ቃል በአማርኛ እንዴት እንደሚሉት ደብተርዎ ላይ ይሞክሩ፤ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ያገኛሉ፣ እያንዳንዱም መጽሐፉን በሌላ ስሜት ይዘጋዋል።

ርእሱ ያነጋግራል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አመዱ የምድጃውና የሲጋራው ነው፤ አንጄላ ስታየው የምትውለው። ሌላውን ትርጉም ያመጣው የ1999ኙ ተከታይ መጽሐፍ ነው፣ የእናትየው አስከሬን አመድ ወደ አየርላንድ የሚመለስበት። ተከታዩን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አይጀምሩ። በዚያው ዓመት የወጣውን የአለን ፓርከርን ፊልምም ከንባቡ በኋላ ይዩት፤ ቀድመው ካዩት የሮደን ሌንን ቤት የሚያዩት በካሜራው ዓይን ይሆናል።

ሳምንቱ ሲያልፍ የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች እንደገና ያንብቡ፤ ድምፁ ከሽማግሌ ወደ ሦስት ዓመት ልጅ እስከሚለወጥበት፣ ተለጣፊ ወረቀቱ እስካለበት ድረስ። በመጀመሪያው ንባብ ቀልድ የመሰለዎትን መስመር በቀዩ እርሳስ ያስምሩ።